የምድጃ ታሪክ በጎጃም ደጋ

ደብረ ማርቆስን በሐምሌ ወር የጎበኘ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው ብርዱን ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በስተ ሰሜን በኩል ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ ቆሞ ጉሙንና ነፋሱን ይልክባታል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ የግድግዳው ጭቃ ይረጥባል፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ወረቀት እንኳ እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራና ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። እንግዲህ በዓመት ውስጥ ሰባት ወር ያህል ሰው እሳት የሚናፍቅበት አገር ነው ማለት ይቻላል።

የሆነ ሆኖ ይኸው እንግዳ ቤት ለቤት ቢዞር፣ ቤትን ለማሞቅ ተብሎ የተሠራ ነገር ከቶ ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል። በግንብ ውስጥ ወደ ላይ የሚሄድ የጢስ መውጫ፣ ከወለል በታች የተቀበረ የሙቅ ውሃ ቧንቧ፣ በመኝታ ክፍል የቆመ የብረት ምድጃ በእኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። ታዲያ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ ብርድ ውስጥ እንዴት ኖሩ? የብርዱ አገር ሰዎች ሆነን ሳለን የማሞቂያ ጥበብ ሳናበጅ የቀረነው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የማነሣው የታሪክ ሊቅ ነኝ ብዬ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በመንግሥት ሥራ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ነገር ግን ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ የተጻፈውን ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድልብኝ ነበር። ዜና መዋዕል የሚጽፉ ጸሐፊዎች የት እንደ ዘመቱ፣ ማንን እንደ ሾሙና እንደ ሻሩ ይነግሩናል እንጂ፣ ብራናውን ፍቀው ቀለሙን በጥብጠው በሚጽፉበት በዚያ ሌሊት እጃቸውን በምን ያሞቁ እንደ ነበረ አይነግሩንም። ምድጃ ለታሪክ ጸሐፊ ትንሽ ነገር ሆኖ ታይቶታል። ለመኖር ግን ትንሽ ነገር አልነበረም።

አስቀድሜ ስለ ጥንቱ ቤት ልናገር። አያቴ የኖረችው በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ግርጌ፣ ክብ በሆነ የሣር ቤት ውስጥ ሲሆን፣ በልጅነቴ በክረምት ዕረፍት ወደዚያ እላክ ነበር። ቤቱ በእንጨት ተማግሮ በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ ጣራው በወፍራሙ በሣር የተከደነ ነው። በበሩ በአንደኛው ወገን ጥጆችና በቅሎዋ የሚታሰሩበት ጋጣ አለ። በሌላው ወገን ከጭቃ የተሠራ መደብ አለ፤ በላዩም አጎዛ ተነጥፎ ይተኛበታል። በመካከሉ ከምሰሶው አጠገብ ሦስት ጉልቻ የተቀመጠበት ምድጃ ይገኛል። መስኮት የለውም። ጢሱ የሚወጣው በሣሩ መካከል እየሾለከ ነው፤ ስለዚህም በማለዳ ከሩቅ ሆኖ መንደሩን የተመለከተ ሰው ጣራው ሁሉ የሚተነፍስ ይመስለዋል።

ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ድህነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን እያንዳንዱ ነገር ሥራ እንደ ነበረው እረዳለሁ። ሣሩ አየርን በውስጡ ስለሚይዝ ብርድን ይከለክላል። ጥቀርሻ የጠጣ ሣር ነፍሳት ቶሎ አይበሉትም፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ከምድጃው በላይ የሚንጠለጠለው የዘር በቆሎ በጢስ ታጥኖ ከነቀዝ ይድናል። ከብቶቹም ሌሊቱን በሙሉ ከገላቸው ሙቀት ይሰጣሉ። አንድ በሬ ወይም አንዲት በቅሎ ማገዶ ሳትጠይቅ ስታሞቅ ታድራለች፤ ማለዳ ደግሞ ፋንድያዋና እበቱ ለሌላ ሥራ ይውላል። ከዚህ በላይ ሰው ሙቀትን በልብስ ይይዝ ነበር። ጋቢው፣ ከበግ ጠጕር የሚሠራው ባናና በርኖስ፣ እረኛው የሚደርበው ደበሎ፣ እነዚህ ሁሉ የደገኛው ማሞቂያዎች ናቸው። ሌላው ዓለም ቤቱን ሲያለብስ የእኛ ሰው ራሱን ለበሰ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን እሳቱ የተለኮሰበት ምክንያት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ለብርድ ተብሎ የሚነድ እሳት አልነበረም። እሳት የሚነደው እንጀራ ለመጋገር፣ ወጥ ለመሥራት፣ ቆሎ ለመቁላት፣ ቡና ለማፍላት፣ የጠላውን ብቅል ለማመስ ነው። ሙቀቱ ከእነዚህ ሥራዎች የሚተርፍ ትርፍ ነበር። ሰውዬው ከእርሻ ወይም ከሸንጎ ተመልሶ እጁን ወደ ምድጃው ሲዘረጋ፣ የሚሞቀው የሚስቱን ድካም ነበር ማለት ነው። እርስዋ ዐይንዋን በጢስ እያቃጠለች ስትጋግር ቤቱ ይሞቃል፤ እርስዋ ከታመመች ወይም ወላድ ከሆነች ጎረቤት ካልደረሰላት በስተቀር ቤቱ ይቀዘቅዛል። የቤቱ ሙቀት መጋቢ አንዲት ሴት ነበረች፤ ይህንንም ሥራ ሥራ ብሎ የቈጠረላት ሰው አልነበረም።

ሌሊት እሳቱ አይጠፋም፤ ይዳፈናል እንጂ። ፍሙ በዐመድ ተሸፍኖ ሲያድር ረመጡ ምድጃውን ሳያቀዘቅዝ እስከ ማለዳ ይቈያል። ያልተሳካላት ሴት በማለዳ ገል ወይም ደረቅ ኩበት ይዛ ወደ ጎረቤት ትሄድና እሳት ትጭራለች። ክብሪት በገጠር እንደ ልብ ሳይገኝ በነበረበት ዘመን፣ አንድ መንደር አንድ እሳት ነበረው ማለት ይቻላል፤ ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። እሳት የሚከለክል ጎረቤትም ከጠላት ይቈጠር ነበር። ወሬ የሚወራው፣ ዕርቅ የሚጀመረው፣ ጋብቻ የሚታሰበው በዚያው በእሳት ጭሪያ ሰዓት መሆኑን አያቴ ስትናገር ሰምቻለሁ። (ክብሪት የመጣ ጊዜ ይህ ሁሉ ቀረ ብላ ታዝን ነበር፤ ይሁን እንጂ ክብሪቱን ከመቀነትዋ ለይታ አታውቅም።)

እንጨቱም ቢሆን ሁሉ አንድ አልነበረም። ወይራ ቀስ ብሎ ይነድዳል፤ ጢሱ ጥቂት፣ ፍሙ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህም የጠላው ጋን የሚታጠነው በወይራ ነው። ግራር ለከሰል ተወዳዳሪ የለውም። ብሳና ግን ብዙ ያጨሳል፤ ሌላ ሲጠፋ ካልሆነ በቀር አይነድድም። በጮቄ ከፍታ ላይ የሚኖረው ሰው ደግሞ አስታውን፣ የደረቀውን የጅብራ ግንድ ሳይቀር ያነድዳል። ልጆች ዛፍን በአበባውና በቅጠሉ ሳይሆን በፍሙ ይለዩት ነበር። ይህም ዕውቀት በትምህርት ቤት የተሰጠን የዕፅዋት ትምህርት ሊተካው ያልቻለ ዕውቀት ነው።

አሁን ከአንድ ቤት ወደ ከተማው እንውጣ። የዛሬዪቱ ደብረ ማርቆስ አስቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የቈረቈሯትም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ግድም ነው። በኋላ ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ሲነግሡ መንቆረር የንጉሥ ከተማ ሆነች፤ ንጉሡ ባሠሩት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስምም ደብረ ማርቆስ ተባለች። የንጉሥ ከተማ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ከማገዶ አንጻር እንመልከተው። ግብር በሚገባበት ቀን የሚጋገረው እንጀራ፣ የሚጠመቀው ጠላ፣ የሚጣለው ጠጅ፣ የሚቀቀለው ሥጋ ሁሉ በእንጨት ነው። ወታደሩም በየሰፈሩ ያነድዳል። ከተማ በቈየ ቍጥር ደኑ ከከተማው እየራቀ ይሄዳል፤ ትላንት በግማሽ ቀን ይመጣ የነበረው ሸክም ዛሬ አንድ ቀን ሙሉ ይወስዳል።

ይህ ችግር የጎጃም ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን በአንድ ስፍራ ሳይረጉ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዛወሩ የነበረበት አንዱ ምክንያት የምግብና የማገዶ እጥረት እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። የመጨረሻው ታላቅ ምሳሌ አዲስ አበባ ናት። አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ሳይቈይ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አለቀ። ከዚህም የተነሣ በ1893 ዓ.ም. ግድም በስተ ምዕራብ ደን ወዳለበት አገር ሄደው አዲስ ዓለም የተባለውን ከተማ መሥራት ጀመሩ። ዋና ከተማው ሊዛወር ተቃርቦ ነበር። ነገር ግን በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን የገባው ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሲተከል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ደረሰ። ዛፉን በማስመጣት በኩል በተለይ የሚነሣው ስም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። የአንድ አገር ዋና ከተማ በአንድ ዛፍ ምክንያት በስፍራው ረጋ ማለት ነው። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ይህን በአንድ መስመር ማለፋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ጎጃም ከመመለሴ በፊት ግን ስለ ክፉ ቀን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የከብት ዕልቂት በመላው አገር ገብቶ በሬውን ሁሉ እንደ ፈጀ የታወቀ ነው። ታሪክ የሚያወሳው ያልታረሰውን መሬትና የተራበውን ሕዝብ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን ከላይ የገለጽሁትን ቤት በማሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታየኛል። ጋጣው ባዶ ሲሆን ቤቱ ማሞቂያውን አጣ፤ ኩበቱ ሲያልቅ ምድጃው ማገዶውን አጣ፤ እህል ሲጠፋም የሚጋገር አልነበረምና እሳት የሚለኮስበት ምክንያት ጠፋ። ረኃቡና ብርዱ በአንድ በር የገቡ ናቸው። ይህን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም፤ ነገር ግን የደጋ ቤት እንዴት እንደሚሞቅ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ሊሆን የሚችል አይመስለኝም።

ባሕር ዛፍ ወደ ጎጃም ከገባ በኋላ የደጋው መልክ ተለወጠ። አስቀድሞ በየከተማው ዙሪያ፣ ቀጥሎ በየባላገሩ ጓሮ ተተከለ። በተለይ በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ድልድል በኋላና የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ፣ ገበሬው በእጁ ያለውን መሬት የእኔ ብሎ ስላመነ ማሳውን ሳይቀር በባሕር ዛፍ ሞላው። ዛፉ ሲቈረጥ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቈጠቍጥ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ያጭዳል። ቅጠሉ ቅባት ስላለው ከምጣድ በታች ሲገባ ነበልባሉ ቶሎ ይነሣል፤ ይህን የምታውቅ ጋጋሪ ሌላ ቅጠል አትመርጥም። በአንጻሩ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም የሚል ክስ ከየአቅጣጫው ይቀርብበታል። ክሱ እውነት አለበት። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተጠብቆ የቀረው የአገሩ ደን፣ ያ ጽዱና ወይራው፣ እስከ ዛሬ ይቈይ ነበርን? እኔ አይመስለኝም። የሚከሱት ሰዎች ማታ ምን አንድደው እራታቸውን እንደሚበሉ ቢናገሩ ክርክሩ ያጥር ነበር።

እንጨት ያነሰው ቤት ያለው አማራጭ ኩበት ነው። ኩበት እሳቱ ዝግተኛ፣ ጢሱ ከባድ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚጎዳው ነገር፣ ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት እበት በምድጃ መቃጠሉ ነው። መሬቱ ምግቡን ሲያጣ ምርቱ ይቀንሳል። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የዛሬው እንጀራ ከከርሞው እንጀራ ስለሚቀድምበት ነው እንጂ።

አሁን ወደ ታላቁ ለውጥ ደረስን። ይኸውም የቆርቆሮ ክዳን ነው። በደብረ ማርቆስ ከተማ የቆርቆሮ ቤት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በገጠሩ የሣሩን ቤት በብዛት የተካው ግን በቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ነው። ሰው ቆርቆሮን የወደደው በምክንያት ነው። አያፈስም፤ በየጊዜው አይታደስም፤ እሳት አይበላውም፤ ሣሩም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ሄዷል። ነገር ግን ቆርቆሮ ጢስ አያስተነፍስም፤ ቀን የፀሐይን ግለት፣ ሌሊት የውጩን ብርድ ሳያስቀር ወደ ውስጥ ያሳልፋል። በሣር ጣራ ሥር በመጠኑ የሚታገሡት ጢስ በቆርቆሮ ሥር የማይታገሡት ሆነ። ስለዚህም ምድጃው ከቤት ወጣ። በጓሮ በኩል ለብቻው ማድ ቤት ተሠራለት፤ ከብቶቹም ወደ በረት ተዛወሩ። ይህም ለጤና ታላቅ እርምጃ ነበር። በቤት ውስጥ የሚታፈን ጢስ በዓለም ላይ በዓመት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው እንደሚቀጥፍ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ከእነዚህም መካከል በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ሆነው ጢሱን የሚስቡ ሕፃናት ይገኛሉ። ምድጃው መውጣት ነበረበት።

ይሁን እንጂ ምድጃው ሲወጣ ሙቀቱም አብሮ ወጣ። የከብቱ ሙቀት ወጣ፤ የእንጀራው ሙቀት ወጣ። ሳሎኑ ንጹሕ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፤ በሐምሌ ግን የሚቀመጡበት አልሆነም። ይህን ባዶ ስፍራ ለመሙላት የገባው ማንደጃ ነው።

ማንደጃ ስሙ እንደሚያመለክተው ማንደጃ ብቻ ነው፤ ከሸክላ ወይም ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ከሰል የሚቀጣጠልበት ዕቃ። በደጅ ይቀጣጠላል፤ ጢሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ይገባል። ዘዴው ብልህነት ያለበት ይመስላል፤ ጢሱን ለውጭ ትተን ሙቀቱን ብቻ እናስገባለን ብለን ነበርና። ነገር ግን ከሰል ጢሱ ካለቀ በኋላ የሚያወጣው ሌላ ነገር አለ። መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም። የኬሚስትሪ መምህራን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል፤ በደም ውስጥ ገብቶ የአየሩን ስፍራ ይይዛል፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ያሰናብተዋል።

ይህንን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በያዝሁ በመጀመሪያው ክረምት በደብረ ማርቆስ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ክፍሊቱ የቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ ብርድ እንዳይገባ ብለን የበሩን ሥር በጨርቅ የወተፍናት ነበረች። በሐምሌ አጋማሽ በአንድ ሌሊት፣ እንደ ተማረ ሰው ከሰሉን በደጅ በደንብ አቀጣጥለን፣ ጢሱ ማለቁን አይተን፣ ማንደጃውን በሁለታችን አልጋ መካከል አስቀምጠን ተኛን። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በጭቃ ላይ ተጋድሜ ዝናብ ፊቴን ሲመታኝ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው አሮጊት፣ ለጸሎት ሲነሡ የባልደረባዬን ማቃሰት ሰምተው በሩን በመዝጊያው በኩል ገንጥለው አወጡን። ራሴ ለሁለት ቀን ሊፈነዳ ደረሰ፤ ባልደረባዬም ለብዙ ጊዜ እግሩ አልታዘዘውም። ወዲያው እንደ ነቃሁ፣ «እትዬ፣ ጢሱ እኮ አልቆ ነበር» ብዬ ተከራከርኋቸው አሉ። እርሳቸውም «ልጄ፣ ከሰል ሲያጨስማ በምን ይፈራል፤ ያባርርሃል። የሚፈራው ማጨሱን ሲተው ነው» ብለው መለሱልኝ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረስሁ እኔ ነበርሁ።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት አለፈው ብለን ብንጠይቅ ብዙ ትምህርት እናገኛለን። ሮማውያን ከ2,000 ዓመት በፊት እሳቱን ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ያነድዱና ትኩሱን አየር በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ በቆመ ወለል ሥር ያሳልፉት ነበር። የኮርያ ሰዎች ደግሞ ኦንዶል የሚባል ዘዴ አላቸው። በዚህ ዘዴ በማድ ቤት የሚነደው የምግብ እሳት ጢሱና ግለቱ በመኝታ ክፍሉ ወለል ሥር አልፎ በሌላው ወገን ይወጣል። ከእኛ ሴቶች ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የምትሠራዋ ኮርያዊት ወጥዋን ስትሠራ ወለልዋን ታሞቅ ነበር፤ ጢሱ ግን ወደ ቤት አይገባም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ያንን የበረዶ ክረምት ቀምሰውታል። ከእነርሱ መካከል በአንድ የገበሬ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ከታች ሲሞቅ የተደነቀ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ኮርያውያንም ቢሆኑ ያለ ዋጋ አላለፉም፤ እንጨት አልቆ በድንጋይ ከሰል መጠቀም በጀመሩበት ዘመን ያው መልክ የለሽ መርዝ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ብዙ ቤተ ሰብ ጨርሷል።

በሰሜን አሜሪካ ገጠር ደግሞ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋ አንድ ሌላ ዘዴ አለ። ከቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ትንሽ ጎጆ የሚመስል የብረት እቶን በደጅ ይቆማል። በእሳቱ ሣጥን ዙሪያ ውሃ አለ፤ ባለቤቱ ጠዋትና ማታ ግንድ ይጨምርበታል። የሞቀው ውሃ በምድር ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤት ይሄድና ክፍሎቹን አሙቆ፣ የመታጠቢያውንም ውሃ አግሎ፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። እሳቱ፣ ዐመዱና የቃጠሎ አደጋው ሁሉ በደጅ ይቀራል። ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው፤ ቤቱ በቂ ሙቀት ሲያገኝ እቶኑ አየር ተዘግቶበት ይታፈናል፤ እንጨቱም ሳይነድ ይጨሳል። ጢሱ ከአጭሩ ጢስ መውጫ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ስለሚሄድ ክርክር ተነሣ፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. የጢሱን መጠን የሚወስን ደንብ አወጣ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሳችን ታሪክ ታየኝ። እኛም እንደ እነርሱ እሳቱን ከቤት አወጣነው። ቧንቧውን ግን አልዘረጋንም። በቧንቧው ፈንታ ፍሙን በእጃችን ይዘን ገባን።

በደብረ ማርቆስ የሚነደው ከሰል ዛሬ ከየት ይመጣል? ከዚሁ ከጎጃም ነው። በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን፣ እርሱም ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ፣ በማሳቸው ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራሉ፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዛፉ ሲደርስ ቈርጠው በዐፈር ከድነው ያከስሉታል። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ መሬት ስለሚመልስ የተሟጠጠው ማሳ ያገግማል፤ ብዙ ገበሬም ቤቱን በቆርቆሮ የከደነው በዚህ ገንዘብ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዝገት የሚመስል በሽታ ገብቶ ዛፉን እያደረቀው ይገኛል። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የተመሠረተ ኑሮ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ይህ ያሳያል።

ከመንግሥት ወገን የተደረገውንም አለመናገር አድልዎ ይሆናል። በ1980ዎቹ ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን ባለሙያዎች ተሠርቶ ወጣ። ከሲሚንቶ የተሠራ ሆኖ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋው ከክፍቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። ከቤት ማገዶ ብዙውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ስለ ሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስናን ውስጥ አንዲት ዘመዴን ስለ ምድጃው ጠይቄያት፣ «እንጨቱንስ አተረፈልኝ፤ ግን ክረምት ክረምት ማድ ቤቱ ይበርዳል፤ ልጆቹ እንደ ድሮው አይከቡኝም» አለችኝ። ባለሙያው ጉድለት ብሎ የመዘገበውን፣ ያን የሚባክን ሙቀት፣ እርስዋ ቤተ ሰብዋን የምትሰበስብበት አድርጋው ኖራለች።

ኤሌክትሪክም አለ። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጎጃም ከራሱ ወንዝ ብርሃን አየ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ቤት ገብቷል። ነገር ግን ከጮቄ የሚወርደው ውሃ ዓባይን ሞልቶ መብራት ሲሆን፣ በጮቄ ግርጌ የምትኖረው ሴት ዛሬም በጀርባዋ እንጨት ተሸክማ ትወርዳለች።

ባለፈው ክረምት እትዬን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። ማንደጃቸው ከደጃፉ ላይ፣ ግማሹ በውጭ ግማሹ በውስጥ ሆኖ ተቀምጧል፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እርሳቸው በዱካ ላይ ሆነው ጀርባቸውን ለፍሙ ሰጥተዋል። ብርዱ በዚያው በር እየገባ ስለ ነበረ፣ «እትዬ፣ ለምን ትንሽ ገባ አያደርጉትም? በሩን በደንብ ከፈት አድርገን እንቀመጣለን» አልኋቸው።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ለብርድ እሳት ነዶ አያውቅም» አሉኝ። «እናቴ ስትጋግር ነበር የምንሞቅ። አሁን እንጀራ ከሱቅ ይመጣል፤ የሚጋገር የለም።»

ከዚያም በመቈንጠጫው ሦስት ፍሬ ከሰል ቈጥረው ጨመሩና፣ የሚቀረውን በማዳበሪያው ከትተው አፉን አሰሩት።